ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካው «ሠራተኛ አጣሁ» ይላል፣ ወጣቱም «ሥራ አጣሁ» ይላል፤ ታዲያ ደመወዙ ለምን አይነሣም?

የሐረጎ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጅምላ መደብር በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ሳለ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የኦፕሬተርነት፣ ማለትም በስፌት ማሽን ላይ የመሥራት፣ ሥራ ቀረበላት። የተባለውን የመነሻ ደመወዝ ስሰማ ይህ ዋጋ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወሰነውና ለምን በዚያው ልክ እንደቆመ ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይጨምራል፣ አቅራቢው ሲበዛ ይቀንሳል የሚል ነበር። በከተማችን ግን ሁለቱም አንድ ላይ ይታያሉ። በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ወጣቶች ከጠዋት ጀምረው ይቆማሉ፤ የፋብሪካ ኃላፊዎች በበኩላቸው ሠራተኛ አይበረክትልንም፣ በየወሩ እንደ አዲስ እንቀጥራለን ይላሉ። ሥራ ፈላጊው በዝቶ ከሆነ እንዴት ሰው ይጠፋል? ሰው ጠፍቶ ከሆነስ ለምን ደመወዝ አይጨመርም? የምታውቁ አስረዱኝ።

የጦሳ ሥር መምህር፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ክፍል ተማሪዎቼም በየዓመቱ በሌላ ቃል ያነሡታል።

የጉልበት ገበያ እንደ ሰኞ ገበያ የጤፍ ተራ አይደለም። ጤፍ የሸጠ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል፤ ጉልበቱን የሸጠ ሰው ግን ከሸጠው ነገር ጋር አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያመሻል። ስለዚህ የደመወዙ መጠን ብቻ ሳይሆን ቦታው፣ ሰዓቱ፣ አለቃው፣ መንገዱና የቤት ኪራዩ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይገባሉ። ሌላው ልዩነት ደግሞ ዋጋው ራሱ ጥራቱን መለወጡ ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በርካሽ ስለተገዛ አይበላሽም፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው ግን ልቡ ሌላ ሥራ ፍለጋ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰልፉ እንምጣ። እያንዳንዱ ሥራ ፈላጊ «ከዚህ በታች ከሆነ አልሠራም» የሚለው ወለል አለው፤ ይህን ወለል የሚያበጀው ሥራውን ባያገኝ ኖሮ የሚኖረው ኑሮ ነው። አርተር ሉዊስ የተባለው የሴንት ሉሲያ ተወላጅ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ጽሑፍ ለወሎ የተጻፈ ያህል ሆኖ ይሰማኛል። መሬት ጠቦ ልጆች በዝተው ባሉበት የገጠር ቤተሰብ አንድ ወጣት ቢወጣ ምርቱ እምብዛም አይጎድልም፤ ሆኖም እዚያው እስካለ ድረስ ከቤተሰቡ ማዕድ ድርሻውን ይካፈላል። ስለዚህ ከተማው ከዚያ ድርሻ ጥቂት ከፍ ያለ ደመወዝ እስካቀረበ ድረስ ከቃሉ፣ ከአልብኮ፣ ከኩታበር፣ ከተንታ የሚመጣው ሰው አይቋረጥም፤ ፋብሪካዎች ቢስፋፉ እንኳ ይህ ትርፍ ጉልበት እስኪያልቅ ድረስ ደመወዙ ከቦታው ብዙ አይንቀሳቀስም። በር ላይ የምታየው ሰልፍ ይህ ነው።

ለመግባት የሚያበቃ ደመወዝና ለመቆየት የሚያበቃ ደመወዝ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅቷ ከገጠር ስትነሣ የምታወዳድረው ከቤተሰቧ ማዕድ ጋር ነው። ኮምቦልቻ ገብታ ክፍል ከተከራየች፣ ዘይትና ሽሮ መግዛት ከጀመረች በኋላ ግን የምታወዳድረው ከከተማ ኑሮ ጋር ይሆናል። ያ ደመወዝ ለመጀመሪያው በቂ ነው፣ ለሁለተኛው አይበቃም፤ ስለዚህ ሰልፉም መልቀቁም በአንድ ጊዜ ይኖራሉ።

የቅጥር ክፍል ሰው፦

በኮምቦልቻ በስፌት ሥራ ላይ በሰው ኃይል አስተዳደር ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ ከአሠሪው ወገን ያለውን ስሌት ሳልደብቅ ላስረዳ።

አንዲት ኦፕሬተር የሚከፈላት በመጨረሻ ከምትሰፋው ልብስ ዋጋ ላይ ነው። የልብሱን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ነው፤ እሱም የባንግላዴሽን፣ የኬንያንና የቬትናምን ዋጋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ነው የሚነጋገረው። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። መብራት ሲጠፋ የስፌት መስመሩ ይቆማል፣ ደመወዝ ግን አይቆምም። የተሰፋው ልብስ ጅቡቲ ለመድረስ ረጅም የመኪና መንገድ ይጠብቀዋል፤ በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ወልዲያ የባቡር መስመር በጊዜው ሥራ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ወጪ የተወሰነው ይቃለል ነበር።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቹ ድርጅቶች የመጡት የአሜሪካን ገበያ አስበው ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ሲለቀቁ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፎና ተሰባብሮ ነበር የተገኘው። ያ ቁስል ሳይደርቅ ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተሰረዘች። በአሜሪካ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠሩ አንዳንድ ልብሶች ላይ ያለው ቀረጥ እስከ 32 በመቶ ይደርሳል፤ ያን ቀረጥ ተሸክሞ ደመወዝ መጨመር ቀርቶ ትእዛዝ ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነበር። ስለዚህ «ለምን አትጨምሩም» ስንባል መልሳችን ክፋት አይደለም፤ መስመሩ በሰዓት የሚያወጣው የልብስ ብዛት ካልጨመረ የሚጨመረው ብር የሚመጣበት ምንጭ የለም።

እትዬ ዘምዘም የቦርከናዋ፦

የቅጥር ክፍል ሰው፣ ያሉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ደግሞ እኔ ልናገር። ከአልብኮ መጥቼ በሁለት የስፌት ቤቶች ሠርቻለሁ፤ አሁን ቡናና ዳቦ እየሸጥሁ እተዳደራለሁ።

ደመወዙ በወረቀት ላይና በእጅ ላይ አንድ አይደለም። ከመነሻው ላይ ጡረታ ይቆረጣል። «የመገኘት ጉርሻ» የሚባለው በወር ውስጥ አንድ ቀን ታመው ቢቀሩ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ እኔ በነበርሁበት ቤት እንዲያ ነበር። ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተን፣ በአንድ ምድጃ እየተፈራረቅን አብስለን፣ ለእናት የሚላክ ሳይተርፍ ወሩ ያልቃል። ሰርቪስ የሚያወርደን ከዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ የምሽት ሽፍት ስንወጣ በጨለማ ወደ ቤት መሄዱ ለሴት ልጅ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጓደኞቼ የለቀቁት በደመወዙ ሳይሆን በዚህ ነው። ሱፐርቫይዘር ሲጮህብሽ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ ተቀብለሽ ስትሄጂ፣ ያም ዋጋ አለው።

«አይበረክቱም» ስትሉን ስንፍና ይመስላል። እኛ ግን ሒሳብ ሠርተን ነው የምንወጣው። በጉልት ንግድ የሚገኘው ገንዘብ አንዳንድ ወር ከፋብሪካው ያነሰ ነው፣ አንዳንድ ወር ይበልጣል፤ ነገር ግን ልጄን አጠገቤ አድርጌ እሠራለሁ፣ ለዚያም ነው የመረጥሁት።

የጦሳ ሥር መምህር፦

እትዬ ዘምዘም የተናገሩትን በጥናትም አይተነዋል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለዩ፤ ለተወሰኑት የፋብሪካ ሥራ ተሰጣቸው፣ ለተወሰኑት 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፣ የቀሩት ምንም አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ ሲሦው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። የፋብሪካው ደመወዝ ከሌላው የእለት ሥራ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ የጤና ጉዳቱ ግን ከፍ ያለ ነበር። ገንዘቡን የወሰዱት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሦ ያህል ጨመረ። ሐቁ ሙሉ እንዲሆን ይህንም እጨምራለሁ፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ በሦስቱ ወገኖች መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት ጠፍቶ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ወጣቱ የፋብሪካን ሥራ የሚያየው እንደ መጠለያ መሆኑን ነው። ሌላው ሲጠፋ ይገባበታል፣ ሌላው ሲገኝ ይወጣበታል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ደግሞ ለሚወጣ ሰው ብዙ ማሠልጠኛ አያወጣም፤ ማሠልጠኛ ያልወጣበት ሠራተኛ ምርቱ ዝቅተኛ ይሆናል፤ ዝቅተኛ ምርት ዝቅተኛ ደመወዝ ይወልዳል፤ ደመወዙም መልሶ መልቀቅን ይወልዳል። ይህ ክብ ከየት ይሰበራል የሚለው ነው ትልቁ ጥያቄ።

እ.ኤ.አ. በ1913 የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራተኛ መለዋወጡ 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ይህም አንዱን የሥራ ቦታ ይዞ ለማቆየት በዓመት ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ማለት ነው። በ1914 መጀመሪያ የቀን ክፍያውን 5 ዶላር አደረገ፣ ይህም ከነበረው እጥፍ ገደማ ነው። መልቀቁ በእጅጉ ወረደ፣ መቅረቱም ቀነሰ። ደመወዝ መጨመር ለአሠሪው ራሱ የሚያተርፍበት ጊዜ እንዳለ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የቅጥር ክፍል ሰው፦

መምህር፣ የፎርድን ታሪክ በየስብሰባው እንሰማዋለን። ፎርድ የመኪናውን ዋጋ የሚወስነው ራሱ ነበር፤ እኛ የልብሱን ዋጋ አንወስንም። ቢሆንም በአንድ ነገር እስማማለሁ። መስመር ላይ አንዷ ኦፕሬተር ስትጎድል ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። አዲስ ገቢዋ እስክትለምድ ሳምንታት፣ ፍጥነቷ እስኪሞላ ወራት ይወስዳል። ያን ኪሳራ ሒሳብ ክፍል በአንድ ቁጥር አይጽፈውም፤ በየቦታው ተበትኖ ስለሚቀር አይታይም። የደመወዝ ጭማሪው ግን በአንድ መስመር ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች የሚታየውን ወጪ ይፈራሉ፣ የማይታየውን ይከፍላሉ። እኛ ዘንድ መነሻውን ብዙ ሳንነካ በክህሎት ደረጃ አውጥተን፣ ሁለትና ሦስት ማሽን የቻለች ተጨማሪ እንድታገኝ ካደረግን ወዲህ የቆዩት ቁጥር ተሻሽሏል።

ሸዋ በር፦

የዘነጋችሁት አንድ ነገር አለ፤ አሠሪው ስንት ነው? ኢኮኖሚስቷ ጆን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በዝርዝር ያስረዳችው ነገር ነው። የጉልበት ገዢው አንድ ወይም ጥቂት ሲሆን፣ ሠራተኛው አማራጭ ስለሌለው ብቻ ካፈራው ዋጋ በታች ሊከፈለው ይችላል። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ የብረታ ብረትና የቆዳ ፋብሪካ አላት፣ ዱቄት ፋብሪካዎች አሏት፤ ከሩቅ ሲታይ ብዙ አሠሪ ያለ ይመስላል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሽ ሴት ልጅ ግን የተከፈተው በር የስፌቱ ብቻ ነው፤ እነዚያም ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን መነሻ ስለሚያውቅ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ደሴ ያለች ልጅ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ መመለሷ በራሱ ገንዘብና ሰዓት ይበላል፤ ርቀቱ የአሠሪውን ቁጥር ይቀንስባታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል ባወጣው ዘገባ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በተጠኑት የልብስ አምራች አገሮች መካከል ዝቅተኛው ነበር። የባንግላዴሽ ያን ጊዜ 95 ዶላር ነበር። ይህ ልዩነት በምርታማነት ብቻ አይገለጽም። ዝቅተኛ ደመወዝ ባለሀብት ለመሳብ እንደ ማስታወቂያ ቀርቧልና።

ግንበኛው አህመድ፦

እኔ ከቀን ሠራተኞች ጋር እውላለሁና የእኛን ገበያ ልንገራችሁ። በጠዋት ሰው ከሚቆምበት ቦታ ሄጄ ረዳት ስፈልግ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። በኅዳር አዝመራ ሲሰበሰብ የገጠሩ ልጅ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ ከተማ ውስጥ ረዳት ይወደዳል። ክረምት ሲገባ ኮንክሪት የሚሞላው ይቀንሳል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ ሥራውም ደመወዙም አብሮ ይጠፋል። ጥሩ የልስን ባለሙያ ግን መቼም ቢሆን አይወርድም፤ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። የሰለጠነ እጅ ጥቂት ነው፣ ያልሰለጠነው ብዙ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የጦሳ ሥር መምህር፦

አህመድ የነገረን ቁልፍ ነገር ነው። በየጠዋቱ የሚዋዋል ገበያ ዋጋው በየጠዋቱ ይለዋወጣል፤ በቋሚ ውል የተቀጠረ ሰው ደመወዝ ግን ለዓመታት ባለበት ሊቆይ ይችላል። የዋጋ ንረት በበዛበት አገር ደግሞ ባለበት መቆየት ማለት መቀነስ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ 120 ብር አለፈ። 3,000 ብር የሚከፍል ላኪ ድርጅት ቀድሞ ወደ 53 ዶላር ያወጣ የነበረው 25 ዶላር ሆነለት። ሠራተኛዋ በበኩሏ ዘይቱንና የሳሙናውን ዋጋ በአዲሱ ምንዛሪ ትከፍላለች። ስለዚህ የቅጥር ክፍል ሰው «ምንጭ የለም» ሲሉ፣ ከምንዛሪው በኋላ ለላኪው የተፈጠረው ክፍተት የት ገባ ብዬ እጠይቃለሁ።

የቅጥር ክፍል ሰው፦

ከፊሉ ከውጭ ለሚገባው ጨርቅ፣ ለመለዋወጫና ለብድር ገባ። ሁሉም አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ።

የጅዳ ተመላሽ፦

ወሎ ውስጥ ስለ ደመወዝ ተወርቶ ዐረብ አገር አለመነሣቱ ገርሞኛል። በየቤቱ ሳዑዲ ያለች እህት ወይም ወንድም አለ። እዚያ የሚገኘው ሪያል በብር ሲመነዘር ከፋብሪካው ደመወዝ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ስለዚህ ወጣቱ የኮምቦልቻን ደመወዝ የሚለካው በዚያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚቆየው ፓስፖርቱ እስኪወጣ ወይም ለኤጀንሲ የሚሆን እስኪያጠራቅም የሆነ ብዙ ነው። የሚላከው ገንዘብም ወለሉን ያነሣዋል፤ እህቱ የምትልክለት ልጅ በዝቅተኛ ደመወዝ አይቸኩልም። በሌላ በኩል የሚላከው ብር ደሴ ላይ ቤትና ቦታ ስለሚገዛበት ኪራዩን ያስወድዳል፣ ያም በፋብሪካ ሠራተኛዋ ላይ ተመልሶ ይወድቃል።

ይህን የምናገረው ማንም እንዲሄድ አይደለም። መንገዱ ምን ያህል ሰው እንደበላ ወሎ ታውቃለች፤ እኔም ሳልፈልግ ከተመለሱት አንዱ ነኝ። ግን የደመወዙን ገበያ በኮምቦልቻ አጥር ውስጥ ብቻ ከፈለጋችሁት አታገኙትም።

ቧንቧ ውሃ፦

መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ይወስን። ለራሱ ሠራተኛ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዝቅተኛውን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አንሥቷል፤ ለግሉ ዘርፍ ለምን ይሳነዋል?

የውል ጉዳይ አማካሪ፦

ሕጉ በሩን ከፍቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋምና የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን ይላል። ደንቡ ግን ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮም በየሜይ ዴዩ ያነሣዋል። እስከዚያው ያለው መንገድ የኅብረት ስምምነት ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዝ የሚደራደረው ማኅበሩ ነው። ችግሩ ሠራተኛው በወራት ውስጥ የሚለቅበት ቦታ ላይ ማኅበር ሥር አይሰድም።

የጦሳ ሥር መምህር፦

ቧንቧ ውሃ፣ ቀላል ባይሆንም የሚቻል ነው። ድሮ በየመጽሐፉ የምናስተምረው ዝቅተኛ ደመወዝ ሲወሰን ሥራ ይቀንሳል እያልን ነበር። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለሉን በሰዓት ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታነሣ፣ ካላነሣችው ከጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን አወዳደሩ፤ የሥራው ቁጥር ቀንሶ አላገኙትም። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህና በመሰል ሥራዎቹ ነው። ሸዋ በር የገለጸው የጥቂት አሠሪዎች ገበያ ባለበት፣ በልክ የተወሰነ ወለል ደመወዝንም ቅጥርንም አብሮ ሊያነሣ ይችላል፤ ምክንያቱም ቀድሞ በደመወዙ ማነስ የሚቀሩት ይገባሉ፣ የሚለቁት ይቆያሉ።

«በልክ» የሚለውን ግን አጥብቄ እላለሁ። ወለሉ ለአዲስ አበባ የተሰላ ሆኖ ኮምቦልቻ ላይ ቢወድቅ፣ የቅጥር ክፍል ሰው ያሉት ዓይነት በቀጭን ትርፍ የሚሄድ ላኪ ሊዘጋ ይችላል። የቤት ሠራተኛዋም ከዚህ አዋጅ ውጪ ናት፤ ከፋብሪካ የወጣች ሴት ደሴ ላይ ምንም ወለል ወደሌለበት የቤት ሥራ ልትገፋ ትችላለች። እኔ የምደግፈው በየአካባቢው የኑሮ ዋጋ የሚሰላ፣ በየዓመቱ የሚከለስ ወለል ነው።

አዲስ ተመራቂ፦

የዲግሪ ተመራቂዎችስ? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደሴም ከኮምቦልቻም በየዓመቱ ያስመርቃል። ብዙዎቻችን ስፌት መስመር ላይ አንቆምም፤ የመንግሥት ቅጥር እንጠብቃለን።

የጦሳ ሥር መምህር፦

መጠበቃችሁ ስንፍና አይደለም፤ ስሌት አለው። ሀሪስና ቶዳሮ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳዩት፣ ሰው የሚያወዳድረው የተሻለውን ደመወዝ ከማግኘት ዕድሉ ጋር አባዝቶ ነው፤ ቋሚ ሥራ በቂ ልዩነት ካለው ለዚያ ዕድል ተሰልፎ መጠበቅ ያዋጣል። ነገር ግን ችሎታን ማሳየት አለመቻሉም ትልቅ እንቅፋት ነው። አሠሪው ማንነታችሁን ስለማያውቅ የሚያውቀውን ሰው ዘመድ ይቀጥራል፣ ተያዥ ይጠይቃል፣ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ የማመልከቻ አጻጻፍ ሥልጠናና የችሎታ ምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ወጣቶች ከአራት ዓመት በኋላም ገቢያቸው ካልተሰጣቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ የመጓጓዣ ድጎማ የተሰጣቸው ግን ጥቅሙ አልቆየላቸውም። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶቻችን ከምዝገባ አልፈው ይህን ቢሠሩ በትንሽ ወጪ ብዙ ይለወጣል።

የሐረጎ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእህቴ የቀረበላት በወር 5,000 ብር መነሻ፣ ሁለት ሽፍት፣ አንዳንዴ ኦቨርታይም አለው ተብላለች። በእጇ ስንት እንደሚገባና ከመፈረሟ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባት የሚነግረኝ አለ?

የውል ጉዳይ አማካሪ፦

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ የቀረው 1,000 ብር 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ግብሩ 300 ሲደመር 200፣ በድምሩ 500 ብር ነው። የሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 350 ብር ነው፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። በእጇ 4,150 ብር ይገባል። ከማሻሻያው በፊት በዚሁ ደመወዝ ላይ ግብሩ ብቻ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከወረቀቱ ላይ ከዚህ በላይ ተቆርጦ ካየች ምክንያቱን በጽሑፍ ትጠይቅ።

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ወሩን በ208 ሰዓት ብንወስደው የሰዓት ክፍያዋ ወደ 24 ብር ይሆናል። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሌሊት የሠራችው አንድ ትርፍ ሰዓት 42 ብር ገደማ ነው። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዋጁ ይከለክላል። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ የሙከራ ጊዜ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት።

እትዬ ዘምዘም የቦርከናዋ፦

ወንድሜ፣ ከዚህ ሌላ ሦስት ነገር ትጠይቅ። ሰርቪሱ የት ድረስ እንደሚያደርስ፣ በተለይ ማታ። የመገኘት ጉርሻው በሐኪም ወረቀት በቀረችበት ቀን ይቀር እንደሆነ። ሁለተኛ ማሽን ስትችል ስንት እንደሚጨመርላትና መቼ እንደሚፈተኑ። የመጨረሻውን በትክክል የሚመልስ ቤት ከሆነ ትግባ፤ እዚያ የሚቆዩ ልጆች አሉ።